ሁለተኛዋ አበዛሽ

ጉንዳን ጋሪ ላይ ወጣ።

ይህ በትእዛዙ ውስጥ አልነበረም። ትእዛዙ አጭር ነበር። ጉንዳን ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ናዝሬት አውቶቡስ ተራ ይመጣል። ትንሽ ጥቁር ቦርሳ ለአንድ ሰው ይሰጣል። ተቀባዩን ፎቶ አንሳ። ከአውቶቡስ ተራ አትንቀሳቀስ።

አሁን ለአራት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ነው። ቦርሳው እስካሁን ከሰውየው እጅ አልወጣም። ሰውየው ቡናማ ባርኔጣውን ወደ ግንባሩ ደፋ አደረገና ለባለጋሪው «ባቡር ጣቢያ» አለው።

ሙሉብርሃን ከሊስትሮዎቹ አጠገብ ቆሞ ሰማው።

ሙሉብርሃን እውነተኛ ስሙ አይደለም። ይህን ስም ያወጣለት የመሥሪያ ቤቱ ሰው ቀልድ የሚወድ መሆን አለበት፤ ፎቶ አንሺን ሙሉብርሃን ብሎ መሰየም! በምስጢር መዝገቡ ላይ ደግሞ፣ ያ ሰውዬ «ጉንዳን» እንደሚባለው፣ እሱ «ሐውልት» ይባላል። እናቱ ባወጣችለት ስም የጠራው ሰው ከተገኘ ሦስት ዓመት አልፏል።

መቅረት ነበረበት። አልቀረም። ሌላ ጋሪ ጠራ።

«ያንን ጋሪ ተከተለው። እንዳትደርስበት ግን።»

«ጌታው፣ የኔ ፈረስ ልድረስበት ቢልም አይችል» አለ ባለጋሪው።

ጊዜው ግንቦት 1976 ነው። አብዮቱ መስከረም ላይ አሥር ዓመት ይሞላዋል፤ አገሩ ሁሉ ቀለም ይቀባል፣ መፈክር ይጽፋል። የናዝሬት የበዓል ዝግጅት ኮሚቴም ከተማዋንና ሕዝቧን የሚያሳይ የፎቶ ኤግዚቢሽን አስቧል። ሙሉብርሃን ማኅተም ያረፈበት የፈቃድ ወረቀት በኪሱ፣ የሩሲያ ካሜራ በአንገቱ አድርጎ ወደ ከተማው የገባው ለዚሁ ተብሎ ነው። አነሳሱ ግን ሌሎች ፎቶ አንሺዎች እንደሚያነሱት አይደለም። እግሮቹን ተክሎ ይቆማል፣ ክርኖቹን ከጎኑ ያጣብቃል፣ ትንፋሹን ይይዛል። ከግራ ይጀምርና ከወገቡ ትንሽ ትንሽ እየዞረ ስምንት ጊዜ ያነሳል። ቤቱ ገብቶ ያጥባል፣ ያትማል፣ በምላጭ ይቆርጣል፣ በካርቶን ላይ ጎን ለጎን ይለጥፋል። ገበያው ከዳር እስከ ዳር፣ አደባባዩ ከነሕዝቡ፣ በአንድ ረጅም ፎቶ ይወጣል።

ለሰላይ ከዚህ የተሻለ ነገር የለም። አንድ ሰው ላይ ያነጣጠረ ካሜራ ያስደነግጣል፤ ሁሉን ዞሮ የሚያነሳን ግን ማንም ከቁም ነገር አይቆጥረውም።

የናዝሬት ሰው «ዙሪያ» የሚል ስም አወጣለት። ጨዋታም አወጣለት። አንድ ቀን አብዱናሲር የሚባል የገበያ ተሸካሚ ከነሽንኩርት ጆንያው መጀመሪያው ፎቶ ውስጥ ገባ። ሙሉብርሃን ወደ ቀኝ ሲዞር እሱ ከጀርባው ሮጦ መካከል ላይ ቆመ፤ እንደገና ሮጦ መጨረሻው ላይ ቆመ። ፎቶው ተለጥፎ ሲታይ ሦስት አብዱናሲር፣ ሦስት ጆንያ፣ ሦስት ሳቅ። ከዚያ ወዲህ ማን ይቻለው። ዙሪያ ካሜራውን ካነሳ ከጀርባው የሚሮጥ አይጠፋም። እሱም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ይወደው ነበር።

ባቡር ጣቢያው በር ላይ ኢተፋ የሚባለው ዘበኛ ፈቃዱን ተቀብሎ ከላይ እስከ ታች አነበበ፤ ከዚያ ደብተሩን ገለጠ።

«ስንት ፎቶ ነው የምታነሳው?»

«ስምንት።»

«ስምንት» ብሎ ጻፈ ኢተፋ፤ ሰዓቱንም ጨመረበት።

ጉንዳን ከጥበቃ ክፍሉ ጥላ ሥር ቆሟል። ቦርሳው በቀኝ እጁ ነው። ከድሬዳዋ የሚመጣው ባቡር ከሩቅ ይጮኻል። በባቡር መስኮት የሚሸጡት ሴቶች ቅርጫታቸውን አንስተው ተነሡ።

«አካም ቡልቴ፣ ዙሪያ!»

አበዛሽ ናት። በዚህ ጣቢያ ብርቱካን ስትሸጥ ሃያ ዓመቷ ነው። አንድ ልጇ መርዳሳ ሰሜን ጦር ግንባር ከዘመተ ሁለት ዓመት አልፎታል።

«ደህና አደሩ፣ እትዬ አበዛሽ።»

«ቃልህን ልትፈጽም መጣህ? መርዳሳ ጽፎልኛል። ‹እማዬ፣ መልክሽ እየጠፋብኝ ነው› ይለኛል። እንዲህ ያለ ነገር ለእናት ይጻፋል?»

ፎቶ ላነሳዎት ብሎ ቃል ከገባላት ወር ሆኖታል። ዛሬ የመጣው ግን ለጉንዳን ነው። ቢሆንም ሴትዮዋ ጥሩ ሽፋን ናት፤ በዚያች ቅጽበት ያሰበው ይህንኑ ነው። በኋላ ስንት ሌሊት ያችን ሐሳብ እንደሚረግማት አላወቀም።

«እዚህ ጫፍ ላይ ይቁሙ። አሁን አነሳዎታለሁ።»

«አንዴ ብቻ? ሁለት ሆኜ ነው የምነሳው! አንዷን አይቶ ሳይጠግብ ሁለተኛዋን ያያል።»

ጓደኛዋ ቀመሪያ ሳቀች። «አንቺ ሴት፣ ቅርጫቱን አስቀምጪውና ሩጪ። ትወድቂያለሽ።»

«ባዶ እጄን ታይቼ ልጄ ሥራ ፈታች ይበለኝ?»

ባቡሩ ገባ። ሙሉብርሃን እግሮቹን ተከለ።

አንድ። አበዛሽ፣ ነጠላ የለበሰ ቅርጫቷን ታቅፋ፣ በግራ ጫፍ ትስቃለች።

ሁለት። ቀመሪያና ሌሎች ሴቶች።

ሦስት። ጉንዳን ከጥላው ወጥቶ ይራመዳል፤ ቦርሳው በእጁ ነው።

አራት። የቴሌፎን ምሰሶ፣ የሚወርድ ሕዝብ።

አምስት።

ጉንዳን ወደ ባቡሩ መስኮት ተጠጋ። ከውስጥ አንድ እጅ ወጣ። ቦርሳው ገባ።

ሙሉብርሃን አንሥቷል።  ስድስት፣ ሰባት ብሎ ዞረ። ከጀርባው የሩጫ ድምፅና የሴት ሳቅ ሰማ።

ስምንት። በመውጫው በር አጠገብ ጉንዳን ባዶ እጁን ሊወጣ ሲል አበዛሽ እያለከለከች መጥታ ተጋጨችው። አፍራ ከቅርጫቷ አንድ ብርቱካን አወጣችና «ይቅርታ ወንድሜ» ብላ ሰጠችው። ሰውየው ግራ ገብቶት ተቀበለ። አበዛሽ ወደ ካሜራው ዞራ ጥርሷን አሳየች።

«ወጣሁ?»

«ወጡ፣ እትዬ።»

የሙሉብርሃን ክፍል ከአንድ ልብስ ሰፊ ቤት ጓሮ ነው። መስኮቱን በብርድ ልብስ ከልሎ በቀኑ እኩሌታ ጨለማ አደረገው። ፎቶዎቹን ተራ በተራ አተመ። አምስተኛውን ወረቀት ከውሃው ውስጥ ሲያገላብጠው መጀመሪያ መስኮቱ መጣ፤ ቀጥሎ እጁ፤ ቀጥሎ ከመጋረጃው ጀርባ ያለው ፊት።

ሻለቃ ሰብስቤ ነበር።

የገዛ አለቃው። ይህን ሥራ የሰጠው ሰው። «ከጠላት ጋር የሚጻጻፍ ሰው በመካከላችን አለ፤ ደብዳቤ የሚያመላልስለትም ጉንዳን ነው። ተቀባዩን አምጣልኝ» ያለው እሱ ነው። «ከአውቶቡስ ተራ አትንቀሳቀስ» ያለውም እሱ፤ ዛሬ ቀኑን ሙሉ ደብረ ዘይት እውላለሁ ያለውም እሱ።

ሙሉብርሃን መሬት ላይ ቁጭ አለ። አውቶቡስ ተራ የተተከለው ምንም እንዳያይ ነበር።

ለማን ይናገራል? የሥራው ሕግ ከበላይህ ከአንድ ሰው ሌላ አትወቅ ይላል። ቢይዙህ የምትጠራው ስም እንዳይኖርህ ነው። ሕጉን ሲማር ብልህ ሕግ መስሎት ነበር። አሁን ሲያየው በቤቱ ውስጥ ያለው በር አንድ ብቻ ነው፤ በሩ ላይ የተቀመጠው ደግሞ ሰብስቤ ነው። ምንም አላነሳሁም እንዳይል የዘበኛው ደብተር አለ።

ፈራ። ሌላ ስም የለውም፤ ፈራ።

ምላጩን አነሳ። አምስተኛውን ፎቶ አወጣ። አራተኛውን በምሰሶው ጠርዝ ላይ ቆርጦ ከስድስተኛው ጋር ገጠመው። እጁ የለመደ ነውና መጋጠሚያው አይታይም ነበር። የአምስተኛውን ፊልም ቆርጦ በጫማው ውስጥ ደበቀ።

በማግስቱ ሞጆ ላይ የከባድ መኪና ሾፌሮች ወደሚበሉበት አንድ ምግብ ቤት ገባ። ጥግ ላይ ሲቪል የለበሰ ወፍራም ሰው ጥብስ ይበላል።

«ጎማ የሚለጥፍ አለ?» ብሎ የይለፍ ቃሉን ተናገረ ሙሉብርሃን።

«ለዛሬ ዘግቷል። ተቀመጥ።»

ሰብስቤ እጁን ጠርጎ ፎቶውን ተቀበለና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ሾፌሮቹ ዞረው አዩ፤ ረጅም የባቡር ጣቢያ ፎቶ ነው፣ ተዉት። ጣቱ ከግራ ወደ ቀኝ ቀስ እያለ ሄደ። ምሰሶው ጋ ሲደርስ ትንሽ ቆመ። እንደገና ሄደ።

«አውቶቡስ ተራ ሁን አላልኩህም?»

«ጉንዳን ሄደ፤ ተከተልኩት፣ ጓድ ሻለቃ።»

«ጎበዝ።» ጣቱ ቀኝ ጫፍ ላይ አረፈ። «ይህች ማናት?»

«ብርቱካን ሻጭ ናት።»

«እዚህም አለች።» ወደ ግራ ጫፍ ጠቆመ። «በአንድ ጊዜ ሁለት ቦታ።»

«ጨዋታ ነው። ስዞር ከጀርባዬ ሮጠው ሁለት ጊዜ ይነሣሉ። ከተማው ሁሉ ለምዶታል። የገበያውን ፎቶ ባሳይዎት አንድ ተሸካሚ ሦስት ጊዜ…»

«እዚህ ጋ ጉንዳን ቦርሳ ይዟል።»

«አዎ።»

«እዚህ ጋ፣ ከሴትዮዋ አጠገብ፣ አልያዘም።»

«አዎ።»

«ቦርሳውን ማን ወሰደው?»

ሙሉብርሃን ሳህኑን አየ። መልሱ ከፊቱ ተቀምጦ ጥብስ ያላምጣል።

«ቅርጫቷ በነጠላ ተሸፍኗል» አለ ሰብስቤ።

«ብርቱካን ነው ያለው።»

«ገልጠህ አይተሃል?»

«አላየሁም፣ ግን…»

«ስሟን።»

«ጓድ ሻለቃ፣ ልጇ ዘማች ነው። ምንም…»

«ስሟን አልኩህ።»

 ሰብስቤ ፈገግ አለ። «ግድ የለም። በዚያ ጣቢያ ብርቱካን የሚሸጡ ሴቶች ስንት ቢሆኑ ነው?» አለና ፎቶውን በጋዜጣ ጠቅልሎ ተነሣ።

ሙሉብርሃን ወደ ናዝሬት የሚሄድ ሎንቺና ተሳፈረ። መኪናው በየመንገዱ ሰው ያነሳል፣ ሰው ያወርዳል፤ አንዲት ሴትዮ ዶሮዋ አምልጣት ሁሉም ወርዶ አሯሯጠ። እሱ ጥርሱን ነክሶ ቁጭ ብሏል። ሄዶ ምን እንደሚላት እንኳ አላወቀም። ሽሺ? ወዴት? ለምን?

ጣቢያው ሲደርስ የመሥሪያ ቤቱ ላንድሮቨር ቀድሞታል።

ሁለት የታጠቁ ሰዎች አበዛሽን በክንዷ ይዘዋታል። ቅርጫቷ ተገልብጦ ብርቱካኑ ሐዲዱ ላይ ተበትኗል። ቀመሪያ ትጮኻለች። አበዛሽ ግን አልጮኸችም፤ ነገሩ ገና ስሕተት መስሏታል። ዞር ስትል አየችው። ፊቷ በራ።

«ዙሪያ! ዙሪያ፣ ንገራቸው እንጂ! ጨዋታ ነው በላቸው! ለመርዳሳ ነው በላቸው!»

ታጣቂዎቹ ወደ እሱ ዞሩ።

ሐውልት ቆመ።

ሽፋኑን ከገለጠ አለቀለት። ፎቶ አንሺ ሆኖ ቢናገር ማን ይሰማዋል? እውነቱን ቢናገርስ ለማን? ይህን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ አሰበ፤ ሁሉም እውነት ነበር፤ ይህን ሁሉ ያሰበው ግን እሷ እያየችው ነበር። አንገቱን ደፋ። ጫማውን ተመለከተ፤ ፊልሙ እውስጡ አለ።

«አንተ! ዙሪያ!»

በሩ ተዘጋ። ላንድሮቨሩ ሄደ።

 ቀመሪያ ብርቱካኖቹን ከሐዲዱ ላይ አንድ በአንድ ለቀመች፤ እሱን ግን አላየችውም።

ሦስት ቀን አልተኛም። በአራተኛው ቀን የአስቸኳይ ጊዜ ምልክት ላከና ደብረ ዘይት፣ ከሆራ ሐይቅ በላይ፣ ከሰብስቤ ጋር ተገናኘ። የአየር ኃይል አውሮፕላን ከበላያቸው ዝቅ ብሎ አለፈ። ድምፁ ራቀ።

«አምስተኛው ፎቶ አለኝ» አለ ሙሉብርሃን።

ሰብስቤ አልደነገጠም። ሙሉብርሃን የጠበቀው መደንገጡን ነበር።

«ስጠብቅዎት ሰነበትኩ አትበለኝ፤ እኔ ነኝ ስጠብቅህ የሰነበትኩት። የዘበኛው ደብተር ስምንት ይላል። አንተ ሰባት አመጣህልኝ። መቁጠር የማልችል መሰለህ?»

«ሴትዮዋ ትለቀቅ። ፊልሙን እሰጥዎታለሁ። አላየሁም፣ አልሰማሁም።»

«ኮፒ?»

«የለም። ወረቀቱን ቀድጄዋለሁ።»

«ምን ዋስትና ትፈልጋለህ?»

«ቃልዎን።»

ይህን ሲል ለራሱም ጆሮ የልጅ ንግግር መሰለው። ግን ሌላ ምን ይጠይቃል?

«ቃሌ ነው» አለ ሰብስቤ።

ሙሉብርሃን ጎንበስ ብሎ ጫማውን አወለቀ። ትንሿን የፊልም ቁራጭ አቀበለው። ሰብስቤ ወደ ፀሐይ አንሥቶ ተመለከታት፤ በኔጌቲቩ ላይ የገዛ ፊቱ ጠቁሮ፣ ዓይኑ ነጥቶ ታየው። ላይተሩን አወጣ። ቁራጩ ተኮማትሮ፣ ጨሶ፣ ድንጋዩ ላይ ጠብ አለ።

«መቼ ትለቀቃለች?»

ሰብስቤ ላይተሩን ኪሱ ከተተ። «ትናንት ወደ አዲስ አበባ ተጭናለች። መዝገቡ ተዘግቷል፤ ተቀባይዋ እሷ ናት። ጉንዳንም ሲያመልጥ ተመትቷል። የበላይ አካል በጣም ተደስቷል።»

«ቃልዎን ሰጡኝ።»

«አንተም ታማኝነትህን ሰጥተኸኝ ነበር፤ አምስተኛውን ፎቶ እስክትደብቅ።» ትከሻውን መታ መታ አደረገው። «ለሥራህ የምስጋና ደብዳቤ ይጻፍልሃል። ኤግዚቢሽኑን ጨርስ፤ ድንገት ብትጠፋ ያስጠረጥራል። ከበዓሉ በኋላ ትዛወራለህ።»

ያን ጊዜ አንገቱን ማነቅ ይችል ነበር ይሆናል። ሰውየው ወፍራም ነው፣ ዳገቱ ገደላማ ነው፣ ከታች ሐይቅ አለ። አላደረገውም። ከመንገዱ ዳር ሁለት ጠባቂዎች ቆመው ሲጋራ ያጨሱ ነበር፤ ባይኖሩም ያደርገው እንደነበር እርግጠኛ አይደለም።

ክረምቱ አለፈ። መስከረም ሁለት ቀን 1977 አዳራሹ በቀይ ጨርቅ ተሸለመ። ረጃጅሞቹ ፎቶዎች በግድግዳው ዙሪያ ተሰቀሉ፤ ገበያው፣ የጋሪዎቹ ማቆሚያ፣ ትምህርት ቤቱ፣ ባቡር ጣቢያው። ከንግግሩ በኋላ ሕዝቡ ገብቶ ራሱን ይፈልግ ጀመር። «ይኸው እኔ! ይኸው እንደገና እኔ!» አብዱናሲር ሦስቱን ራሱን ለእንግዳ ሁሉ እየጠራ ያሳያል።

የጣቢያው ፎቶ ቀኝ ጫፍ በትእዛዝ ተቆርጧል። ለመዝገቡ ተፈልጎ ነው ተብሏል። ፎቶው ሰባተኛው ላይ፣ በባዶ አግዳሚ ወንበር ያበቃል።

ቀመሪያ መጣች። ሻሿን አጥብቃ ብቻዋን ገባች። ግራ ጫፍ ላይ አበዛሽን አገኘቻትና ጣቷን ፊቷ ላይ አሳረፈች። ከዚያ ጣቷን ወደ ቀኝ ነዳች፤ በሴቶቹ ላይ፣ በምሰሶው ላይ፣ በሚወርደው ሕዝብ ላይ፣ እስከ ካርቶኑ ጠርዝ። ጣቷ ግድግዳውን ነካ። ተመልሳ ከግራ ጀመረች። ሁለተኛ ጊዜም ግድግዳው ላይ ደረሰች።

ሙሉብርሃን ከኋላዋ ቆሟል።

«ዙሪያ፣ ሁለተኛዋ የታለች?»

ሙሉብርሃን የተቆረጠውን ጠርዝ አየ።

«ሮጣ ነበር እኮ። እኔው ራሴ ነኝ ያየኋት። ቅርጫቷን ይዛ ሮጣ እዚያ ጋ ቆማለች።» ከቦርሳዋ የታጠፈ ፖስታ አወጣች። «መርዳሳ ጽፏል። ‹ፎቶሽ አልደረሰኝም› ይላል። ሁለቷንም ላኪልኝ ብሏል፤ ቀድማ ነግራው ኖሯል። ምን ብዬ ልመልስለት?»

 ሙሉብርሃን ዞር ብሎ አየ። በአዳራሹ በር ላይ አንድ የማያውቀው ሰው ተደግፎ ጋዜጣ ያነባል፤ ገጹን ካዞረ ቆይቷል።

«አልወጣችም» አለ ሙሉብርሃን። «ፊልሙ ተቃጥሎ ነው።»

ቀመሪያ ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ፖስታውን አጥፋ ወደ ቦርሳዋ መለሰችና ወጣች።

በማግስቱ ጠዋት ሻሸመኔ የሚሄድ አውቶቡስ ውስጥ አንድ ሰው በመስኮቱ በኩል ተቀምጧል። ካሜራ የለውም። አዲሱ መታወቂያው የእህል ነጋዴ ነው ይላል። አጠገቡ የተቀመጡት ሽማግሌ መንገዱን በጨዋታ ማሳጠር ፈለጉ።

«ልጄ፣ ማን እባላለሁ አልከኝ?»

መታወቂያው ላይ የተጻፈውን ስም ለማስታወስ ትንሽ ማሰብ ነበረበት።

«ኃይለየሱስ» አለ።

አውቶቡሱ በባቡር ማቋረጫው ላይ ቆመ። ከመስኮቱ ሥር አንዲት ሴት ብርቱካን ወደ ላይ ዘርግታ «ልስጥህ?» አለችው። መስኮቱን ዘጋ።